ልቡ እየመታ እንቅልፍ ላጣ ሰው ሁሉ፦ እኚህን ሲስተር እወቁልኝ

ይህን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሥራዬ ነው ልጄ፣ ደግሞም ብቻዬን አልሠራሁትም» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ሲስተር ብቻ ልበላቸው። የሚሠሩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የልብ ክሊኒክ የምርመራ ክፍል ነው። ኢሲጂ (የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ) የሚያነሱት፣ ሆልተር የሚባለውን የልብ መከታተያ መሣሪያ የሚገጥሙት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ብዙም አይርቅም።

የልብ ትርታ የሚያስቸግረው ሰው የምለው ይገባዋል። ቁጭ ባልኩበት ልቤ ድንገት ስንጥቅ ይላል። ቀጥሎ የቆመ ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ከባድ ምት ጉሮሮዬ ድረስ ይሰማኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ድው ድው ድው እያለ ይፈጥናል። ማታ ይብሳል። በግራ ጎኔ ስተኛማ ትራሱ ራሱ የሚመታ ነው የሚመስለኝ።

ከምቱ ይልቅ የጎዳኝ ግን ፍርሃቱ ነው። «አሁን ቢቆምስ?» የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባ አይወጣም። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ይወጣል። እኔና ትንሹ ልጄ ብቻችንን የምናድርበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ነገር ብሆን ማን ከፍቶ ይገባል፣ ልጁስ ምን ይሆናል ብዬ በሩን ሳልቆልፍ ያደርኩበት ሌሊት አለ። ታክሲ ስሳፈር በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ነበር። ልቅሶ ቤት መሄድ ተውኩ። ቡና ተጠርቼ አቦሉን እንኳ ሳልጨርስ እነሳለሁ።

የሰው ምክር ደግሞ አያልቅም። ጨጓራ ነው ያለኝ አለ። ብርድ ነው፣ ነርቭ ነው፣ ዓይን ነው ያለኝም አለ። አንዷ ጎረቤቴ የራሷን የልብ ምት መቀነሻ ኪኒን ከፍላ ልትሰጠኝ ነበር። ኋላ ሲስተር ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው መድኃኒት አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ እንደሚችል የነገሩኝ ያኔ ነው። ለአንዱ የታዘዘ ለሌላው አይሆንም። እባካችሁ ኪኒን አትዋዋሱ።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። በአንድ ቦታ ኢሲጂ ተነሳሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ውጭ የተሰለፈውን ሰው ስላየሁ አልተቀየምኩም። ግን ደረጃውን ሳልወርድ ልቤ እንደገና ዘለለ። ምንም የለብሽም የተባለ ሰው ይህን ምን ያድርገው? ወዴትስ ይውሰደው?

ወደ ሲስተር የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ክፍላቸው ጠባብ ናት። መጀመሪያ በሩን ዘጉ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «እስቲ ልብሽ እንዴት እንደሚመታ በጣትሽ ጠረጴዛው ላይ ምቺልኝ» አሉኝ። መታሁላቸው። ድው… ድው… ድው-ድው… ዝም… ድው። ጣቴን በጥሞና ያያሉ፣ ይጽፋሉ። የሚሰማኝን ነገር ሌላ ሰው ሲያየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ።

ጥያቄያቸው ብዙ ነው። ሲጀምርሽ ድንገት ነው ወይስ ቀስ ብሎ? ሲተውሽስ? ስትሮጪ ወይም ዳገት ስትወጪ ነው ወይስ አርፈሽ? ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ? ከቤተሰብ በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? የወር አበባሽ ይበዛል? አንገትሽ ላይ እብጠት አይተሻል? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? የጉንፋን መድኃኒት፣ የአስም መንፊያ፣ ኃይል ሰጪ የሚባሉት መጠጦች፣ ጫት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እነዚህ ሁሉ ልብን ሊያፈጥኑ ይችላሉ።

አንዱ ጥያቄያቸው ግን ለየት አለብኝ። «በልጅነትሽ ቶንሲል እየደጋገመ ያምሽ ነበር? ከዚያ በኋላ ጉልበትሽ ወይም ክርንሽ አብጦ ያውቃል?» ቶንሲልና ልብ ምን አገናኛቸው ብዬ ጠየቅኩ። በአግባቡ ያልታከመ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብ በሮችን እንደሚያበላሽ አስረዱኝ። ሪህማቲክ የሚባለው የልብ በሽታ ነው። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያሠቃየው ይኸው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚወጋ ፔኒሲሊን እንዳይብስ መከላከል ይቻላል። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ የልጄን ጉሮሮ በቀላሉ አላየውም። ወላጆች ይህችን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት።

ቀጥሎ ስለ ኢሲጂው ነገሩኝ። የመጀመሪያው ወረቀት ውሸት አልነበረም። ግን የተለመደው ኢሲጂ የሚመዘግበው ዐሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ዐሥር ሰከንድ ልቤ ካልዘለለ ወረቀቱ ላይ አይገኝም። ልብ በደቂቃ ሰባ ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100 ሺህ በላይ ይመታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚከታተል መሣሪያ ያስፈልጋል። ሆልተር ማለት እሱ ነው። በጣም ቀላል ማብራሪያ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማንም አልነገረኝም።

ደረቴ ላይ ተለጣፊዎቹን ሲለጥፉ እያንዳንዷን ገመድ ለምን እንደሆነች ይነግሩኛል። መሣሪያው ትንሽ ናት፤ ከልብስ ሥር ትደበቃለች። ለ24 ሰዓት ነው የታዘዘልኝ። አንዲት ወረቀት ሰጡኝ። «ልብሽ ሲዘል፣ ሲፈጥን፣ ስትፈሪ ሰዓቱን ጻፊ። ምን እያደረግሽ እንደነበርም ጻፊ። ደግሞ አልጋ ላይ ተኝተሽ እንዳትውይብኝ። እንጀራሽን ጋግሪ፣ ደረጃሽን ውጪ፣ ቡናሽን ጠጪ። እኛ ማየት የምንፈልገው የዘወትር ኑሮሽን ነው።» እንዳሉኝ አደረግሁ። ወረቀቷ ሞላች።

የውጤቱን ቀን አልረሳውም። ያነበበው የዚያው ክሊኒክ ሐኪም ነው። እሱም ይመስገን፣ አልቸኮለም። ሲስተር ግን ከጎኔ ተቀምጠው የጻፍኩትን ሰዓትና የመሣሪያውን መስመር ጎን ለጎን አሳዩኝ። ልሞት ነው ብዬ የጻፍኩበት ሰዓት ላይ ልቤ ፈጥኗል፤ ምቱ ግን የተስተካከለ ነው። ስሮጥ እንደሚፈጥነው ያለ ነው። ሌሊት፣ ምንም ሳይሰማኝ ተኝቼ ሳለሁ ደግሞ ከመደበኛው ቀድመው የመጡ ምቶች ተመዝግበዋል። እነዚያን እኔ አላውቃቸውም። ማለትም ፍርሃቴና ልቤ አብረው አይሄዱም ነበር። ይህን በዓይኔ ማየቴ ከማንኛውም «አይዞሽ» በላይ ረድቶኛል።

ቆመ የሚመስለኝንም ነገር አስረዱኝ። አንዲት ምት ከሰዓቷ ቀድማ ትመጣለች። ከእሷ በኋላ ልብ ጥቂት ያርፋል። በዚያች ዕረፍት ከወትሮው የበለጠ ደም ይሞላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ምት ይከብዳል፤ ጉሮሮ ድረስ የሚሰማው እሱ ነው። የልባቸው አሠራር ጤነኛ በሆነ ብዙ ሰዎች ላይ ይህ ይኖራል። አብዛኛው ሰው አይሰማውም። እኔን ይሰማኛል፣ ይኸው ነው።

ኤኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ የልቤ በሮች ደህና ናቸው። አንገት ላይ ያለችው ዕጢ፣ የታይሮይድ፣ ምርመራውም ደህና ሆነ። ደሜ ውስጥ ግን ብረት አንሶ ተገኘ። የደም ማነስ ራሱ ልብን ያፈጥናል። የብረት ኪኒን ታዘዘልኝ። ሲስተር በር ላይ መልሰው ጠሩኝና «ኪኒኑን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር እንዳትወስጂ፣ ብረቱ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ይከለክልብሻል» አሉኝ። ቡና ይቅርብኝ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እንዲሁ አልከለከሉኝም። «ሰው ይለያያል። ስትጠጪ ከባሰብሽ ቀንሺ። ካልባሰብሽ ከጎረቤት አትለዪ» አሉ። ባዶ ሆድ ላይ እንዳይሆን ግን አስጠነቀቁኝ። በጾም ጊዜ ሳልበላ፣ ውኃም ሳልጠጣ እውል ስለነበር ይህ ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቱ። ጭንቀት ነው ተብሎ የተጣለ ሰው ጭንቀት የሚለውን ቃል መስማት አይፈልግም። ሲስተር ግን ጭንቀትን ራሱን የቻለ ሕመም አድርገው ነው ያነሱት፤ የሚታከም። ልብ አንዴ ሲዘል እንፈራለን። ስንፈራ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። አድሬናሊኑ ልብን ያፈጥናል። እኛም ያንን ሰምተን የባሰ እንፈራለን። ትንፋሻችን ይፈጥንና ጣታችንና ከንፈራችን ይደነዝዛል። ደረት ይጨንቃል። እሳት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ነው።

እዚያው ወንበር ላይ አስተነፈሱኝ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፤ ከገባው በረዘመ ጊዜ በአፍ ማውጣት። ትከሻ ሳይነሳ፣ ሆድ ብቻ። ያን ቀን ብዙም አልተሻለኝም። እየለመድኩት ስመጣ ግን ሠራ። የእጄን የደም ሥር በሁለት ጣት መቁጠርም አስተማሩኝ፤ በአውራ ጣት አይደለም፣ የራሱ ምት ያሳስታል። ያረፈ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ካስተማሩኝ በኋላ ግን ወዲያው ገደብ አበጁልኝ። «ቀኑን ሙሉ የእጅሽን ሥር ይዘሽ እንዳትውይ። በቆጠርሽው ቁጥር ፍርሃቱን ትቀልቢዋለሽ።» በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ የልብ ምታችሁን በየደቂቃው ለምታዩም ይህ ይሠራል።

ፀበል እንደምሄድም ነገርኳቸው። «ሂጂ። ኪኒንሽን ግን አታቋርጪ» አሉኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ እኚህን ሴት ወደደቻቸው። ከዚያ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ጋር ራሳቸው ደውለው ቀጠሮ አስያዙልኝ። መጀመሪያ አመነታሁ። ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል ስንት ነገር እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። አሁን ግን በግልጽ እናገራለሁ፤ እሄዳለሁ፣ ጠቅሞኛል። ታክሲ ውስጥ የትም እቀመጣለሁ። በሬን ቆልፌ እተኛለሁ። ልቤ አሁንም አንዳንዴ ይዘላል።

ሲስተር አደራ ብለው የነገሩኝን ደግሞ እኔም አደራ እላለሁ። የእኔ ልብ ደህና ሆኖ ተገኘ ማለት የእናንተም ደህና ነው ማለት አይደለም። ትርታው ሲመጣ ራስን መሳት ካለ፣ ደረት ከተጨመቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ በሩጫ ወይም በሥራ መሃል ከመጣ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳታመነቱ ታዩ። ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም እንዲሁ። ለድንገተኛ ነገር የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ሲስተር፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩን ዘግተው ስለሰሙኝ፣ መስመሩን ስላሳዩኝ፣ ሁለቴ ሦስቴ ስጠይቅዎት ስላልሰለቹኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። የክሊኒኩ ኃላፊዎችም ካነበባችሁ፣ ለአንድ ታካሚ ያን ያህል ጊዜ እንዲሰጡ ስለፈቀዳችሁላቸው አመሰግናለሁ።

እሳቸው ጋር መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ክሊኒኩን እጠቁማችኋለሁ። ይህን እሳቸውም ፈቅደዋል። የሆልተር ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የግል ክሊኒክ የሚከብዳችሁ፣ የጤና መድን ያላችሁ፣ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩ፤ አስፈላጊ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉላችኋል። የቀድሞ ኢሲጂ ወረቀቶቻችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሰፋ ያለ፣ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሱ። ጠዋት ገላችሁን ታጥባችሁ ሂዱ፣ ሆልተሩ ከተገጠመ በኋላ እስኪወልቅ መታጠብ የለም። ደረታችሁን ቅባት አትቀቡ፣ ተለጣፊው አይዝም።