ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት መለካት የነበረበት

እረፍት ወስጄ ወደ ሀገር ቤት ስመጣ የምነዳው ፒክአፕ፣ እኔ በሌለሁበት ጊዜ በታናሽ ወንድሜ እጅ የሚቆይ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ አይደለም፤ ቁመቱ ከፍ ተደርጓል፣ ሰፋፊ ጎማ ገብቶለታል፣ የቱርቦው ግፊት ተጨምሯል፣ ማርሚታውም ከነቱቦው በወፍራም ተለውጧል። ዘንድሮ ሁለት ጋራዦች አይተውታል። የመጀመሪያው እረፍቴን ከመብላቱም በላይ ላልተሠራ ሥራ አስከፍሎኛል፤ ሁለተኛው በሽታውን አግኝቶ አድኖታል። እንደዚህ ያለ መኪና ያላችሁና ለአጭር ጊዜ የምትመጡ ሰዎች ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ በማለት የሁለቱንም አሠራር እጽፋለሁ።

መኪናው ሦስት ነገር ያሳይ ነበር። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ያንጠባጥባል። ጠዋት ሲነሣ ከኮፈኑ ውስጥ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ድምፁ ይጠፋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኃላፊ ከመኪናው ሥር ለአፍታ ጎንበስ ብሎ በባትሪ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የኋላው ኦይል ሲል ነው፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት» አለኝ። ኦይል ሲል የሚሉት ዘይት በሚዞር ዘንግ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚዘጋውን ቀለበት ነው። ጭሱስ ስለው ቱርቦው አልቋል አለ፤ ድምፁን ስጠይቀው የናፍጣ ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ አለፈው። ሞተሩ አልታጠበም፣ አንድም መለኪያ አልተገጠመበትም፣ መኪናውን ነድቶ ያየው ሰውም አልነበረም። ቱርቦውን መለወጥ ለጊዜው ይቆይ ብዬ በሲሉ ብቻ ተስማማን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀጠሮ ነው። ነገ ይደርሳል የተባለው መኪና በነጋታው ገና ሊፍት ላይ አልወጣም ነበር፤ ሊፍቱ በሌላ መኪና ተይዟል አሉኝ። ሊፍቱ ሲለቀቅ ኦይል ሲሉ ከመለዋወጫ መደብር አልመጣም፤ ሲመጣ ደግሞ መጠኑ ልክ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ልክ የሆነው ሲገኝ ደግሞ ሥራውን የያዘው ልጅ ወደ ሌላ ሥራ ተልኳል። ስልክ ስደውል «ዛሬ ማታ» ይሉኛል፣ ማታ ስሄድ ሁሉም ወጥተው ዘበኛው ብቻ ይቀበለኛል። ከእናቴ ጋር ላሳልፈው ከሩቅ ሳስበው የነበረው ጊዜ በዘይት በተነከረ አግዳሚ ወንበር ላይ አለፈ። ሊፍት መያዙን፣ ዕቃ መዘግየቱን አውቃለሁ፤ በማንም ላይ ይደርሳል። ያልተዋጠልኝ፣ እንደማይደርስ እያወቁ ይደርሳል ማለታቸው ነው።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ፍሪሲዮኑም አብሮ ይለወጥ ተባልኩ። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ያለቀ ፍሪሲዮን መልሶ መግጠም ሞኝነት ነው። ቅር ያሰኘኝ ሒሳቡ ነው። በደረሰኙ ላይ ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ለሲሉ አንድ ጊዜ፣ ለፍሪሲዮኑ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተጽፏል። የወረደው አንድ ጊዜ፣ የተሰቀለውም አንድ ጊዜ ነው። ይህን ሳነሣ ኃላፊው ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸውን ደጋግሞ አስረዳኝ፤ ሥራዎቹ መለያየታቸውን እኔም አልካድኩም፣ ድካሙ ግን አንድ ነበር። በምኖርበት ሀገር የሥራው ሰዓት መኪናው ሳይነሣ በጽሑፍ ይሰጠኛል፣ ሁለት ሥራ የሚጋራው ሰዓትም ይቀነሳል። እዚያም ቢሆን ሳይመረምር ዕቃ የሚቀይር ጋራዥ ሞልቷል፤ ቢያንስ ግን የሚቀይረውን ያስፈርመኛል። የወጣውን ሲል አሳዩኝ ብልም ተጥሏል ከሚል መልስ በቀር ያገኘሁት የለም።

መኪናውን ወስጄ ብዙም ሳልነዳ ዘይቱ እዚያው ቦታ ታየ። ደውዬ ስነግራቸው «ሲሉ እስኪላመድ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛው ጋራዥ ትንሽ ነው፤ የሚሠሩበት በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው ሞተሩን አጥበው ማድረቅ ነበር። ከዚያም ጥርጣሬ ያለባቸውን መጋጠሚያዎች ነጭ ዱቄት ነስንሰውባቸው መኪናውን ነድተን ተመለስን፤ ዘይት የነካው ዱቄት ይጠቁራልና የፈሳሹ መንገድ ቁልጭ ብሎ ታየ። «ልጄ፣ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሁልጊዜ ከላይ የራሰውን ፈልግ» አሉኝ። ከላይ የራሰው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን የኋላ ጠርዝ ነበር። ከዚያ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይት እንዳያፈስ ከሚዘጋው ንጣፍ) የሚወጣው ዘይት የሞተሩን ጀርባ ይዞ ወርዶ ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ይንጠባጠባል፤ ከሥር ብቻ ለሚያይ ሰው የኋላው ኦይል ሲል ይመስላል።

እዚያ ላይ ግን አላቆሙም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ትኩስ እንፋሎት እየተመታ ወጣ። በዘይት መለኪያው ቱቦ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመው ነዳጅ ሲሰጡት መርፌው ወደ ላይ ወጣ። በጤነኛ ሞተር ኮፓ (ከሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ክፍል) ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ዜሮ የቀረበ ወይም በመጠኑ ወደ ውስጥ የሚስብ ነው። የመተንፈሻውን ጎማ፣ ማለትም ከሞተሩ ውስጥ እንፋሎቱን የሚያስወጣውን ቱቦ፣ ሲነቅሉት መርፌው ወዲያው ወረደ። ቱርቦው ሲሻሻል ወፍራሙ የአየር ቱቦ ጎማውን ከግድግዳው ጋር ጨፍልቆት ኖሯል፤ ዘይት እንዲያጠራቅም የተጨመረው ጣሳም በደለል ተደፍኗል። መውጫ ያጣ ግፊት ደግሞ እንፋሎት የድስት ክዳን እንደሚያነሣ ሁሉ በየሲሉና በየጓርኒሲዮኑ በኩል ዘይቱን እየገፋ ያወጣዋል።

ሰማያዊው ጭስም የመጣው ከዚሁ ነው። ቱርቦው የተጠቀመበት ዘይት ወደ ኮፓው የሚመለሰው በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ፣ ከሥር የሚገፋ ግፊት ካለ ይቋረጥና በቱርቦው ሲል በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ያመልጣል። መካኒኩ የቱርቦውን ዘንግ በጣታቸው ወዝውዘው አልቋል የሚያሰኝ እንቅስቃሴ አላገኙበትም። ግፊቱ ከፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ማለቅ እንዳይሆን የሲሊንደሮቹን ኮምፕረሽን (አየር አምቆ የመያዝ አቅም) ለኩ፤ የሁሉም ተቀራራቢ ነበር። ጎማው በትክክለኛው መንገድ ከተዘረጋ፣ ጣሳው ከጸዳና የክዳኑ ጓርኒሲዮን ከተለወጠ በኋላ ጭሱም ጠፋ፣ ከካምቢዮው ሥርም ጠብ የሚል ነገር የለም። የመጀመሪያው ሲል በእርግጥ ተበላሽቶ እንደሆነ ማረጋገጫ የሚሆነው አሮጌው ዕቃ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጥለውታል።

«የናፍጣ ድምፅ» የተባለው ነገር የባሰ ነው። መካኒኩ በማርሚታው ጫፍ ለዘብ ያለ አየር አስገብተው ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ተቀብሎ ወደ ቱቦው የሚያስገባው ብረት) ላይ የሳሙና ውኃ ሲረጩ በመጨረሻው ሲሊንደር በኩል አረፋ ተነሣ፤ አካባቢውም በጥቀርሻ ጠቁሯል። እዚያ ማኒፎልዱን የሚያስረው ቡሎን ተሰብሮ ነበር። ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ድምፁም ይጠፋል። የሰበረው ወፍራሙ ቱቦ ነው፤ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ሳይኖረው ድርቅ ብሎ ስለተበየደ፣ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ሲናወጥ ክብደቱ ሁሉ በማኒፎልዱ ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ የምር ተናደድኩ። የሚወጣው ጭስ ሰው ወደሚቀመጥበት ክፍል ሊገባ ይችላል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ወንድሜ በዚህ መኪና ልጆቹን ያመላልሳል።

ቡሎኑ ወጥቶ ተተካ፣ የማኒፎልዱ ፊት ተስተካክሎ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ቱቦውም መገጣጠሚያና ማንጠልጠያ ተጨመረለት። ሒሳቡ የተሠራውን ሥራ አንድ በአንድ የዘረዘረ ነበር፣ የወጡት ዕቃዎችም በካርቶን ተሰጥተውኛል። ቀጠሮ አንድ ጊዜ አራዝመውብኛል፤ እሱንም ጠዋት ራሳቸው ደውለው ነው የነገሩኝ። የቱቦው ጩኸት ግን አሁንም ሰፈር ይቀሰቅሳል። መካኒኩ ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ እንግጠም ብለው እኔ ተስማምቼ ነበር፤ ወንድሜ እኔ አውሮፕላን እስክሳፈር ድረስ እሺ አላለም።