«ዜሮ» አለኝ፦ ከዘይት ጌጄ ጋር ያሳለፍኩት ስምንት ወር

ታኅሣሥ 17 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በሰቃ ሐይቅን አልፌ መተሃራ ልገባ ስል፣ ሦስት ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ቆሞ የነበረው የዘይት ግፊት ጌጄ ቀስት ዜሮ ላይ ወደቀ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ ዱብ አለ። ለቁልቢ ገብርኤል በኮንትራት የያዙኝ 11 ሰዎች ከኋላዬ ይዘምራሉ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ጃንጥላና የስለት ዕቃ ተጭኗል። እጄ ከእኔ ቀድሞ ቁልፉን አጠፋው። ሞተር ሲጠፋ መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ይደርቃል። እንደ ምንም ጠርዝ አስያዝኳት። መዝሙሩም አብሮ ቆመ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለፉት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከኅዳር እስከዚህ ሰኔ ድረስ ጌጁ አብዛኛውን ቀን ሥራውን ሠርቷል፤ ማታ ይበራል፣ ከሹፌር ወንበር በደንብ ይታያል፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም። ስለዚያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መኪናዬ ዶልፊን ናት፤ በፈረንጆች 1996 የተሠራች፣ ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። ጌጅ የገዛሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። እሱም ዶልፊን ነበረው። ሞጆ መንገድ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት ስትበራበት «ጋራዥ ቅርብ ነው፣ ልግፋ» ብሎ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳት። ሲፈታ ብሮንዚኑ ተበልቶ ክራንክ ሻፍቱን ፈጭቶታል። ከመቶ ሺህ ብር በላይ አወጣና ዕዳው ሳያልቅ መኪናዋን ሸጣት። እባብ ያየ በልጥ ደነበረ፤ እኔም በሳምንቱ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

ያቺን ቀይ መብራት ያኔ በጣም ንቄያት ነበር። ከእሷ ጋር የተያያዘው ነገር ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ግፊቱ ወደ 0.3 ባር አካባቢ እስኪወርድ ድረስ ዝም ነው። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ሞተር የሚሰጠው ልክ፣ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ሲሠራ ቢያንስ 0.3፣ በደቂቃ በ3000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ገደማ ነው። እንግዲህ ዳገት ላይ በ3000 ዙር 1 ባር ብቻ ቢኖርህ ሞተርህ እየሞተ ነው፤ መብራቷ ግን ነገሬም አትልህ። እሷ እስክትበራ መጠበቅ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው። ቁጥር የሚያሳይ ነገር ፈለግኩ።

አንተ የሶማሌ ተራው ነጋዴ፣ ይህን ካነበብክ ክፍሉ ለአንተ ነው። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ሴንሰሩም የራሱ ነው» ብለህ 4,500 ብር ተቀበልከኝ። አስገጥሜ ቁልፉን ስከፍት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ቀስቱ ከላይ አሥር ባር ላይ ሄዶ ተለጠፈ። አስነሳሁ፤ ወረደ። ነዳጅ ስሰጥ ጭራሽ ወረደ። ደወልኩልህ። «ሞተሩ እስኪለምደው ነው» አልከኝ። ሞተር ጌጅ ይለምዳል እንዴ? በሬ ነው ቀንበር የሚለምድ?

ነገሩ ቀላል ነበር። ጌጁ የሚፈልገው ግፊት ሳይኖር 10 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ ግፊት ሲሞላ 180 ኦም የሚሰጥ ሴንሰር ነው። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የአሜሪካን ዓይነት ነው፤ ባዶውን 240 ይሰጣል፣ ሲሞላ ወደ 33 ይወርዳል። አንዱ የሚወጣበት መንገድ ለሌላው መውረጃ ነው፤ ታዲያ ቀስቱ ቢገለበጥ ምን ይገርማል? ኤሌክትሪሺያኑ በቴስተር ለክቶ አሳየኝ። መልሼ ወስጄ ስትቀይርልኝ ፊትህን ያጠቆርከው ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ክርም ሌላ ጣጣ ነበር፤ ጃፓኑ በኢንች 28 ጥርስ ሲሆን ከጌጁ ጋር የመጣው ቲ (አንዱን ቀዳዳ ለሁለት ሴንሰር የሚከፍል ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) 27 ነው። ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል፣ ያዘ ብለህ ስትተወው ያንጠባጥባል። ቶርኖ ቤት ሌላ አሠራሁ።

አንድ ነገር ግን ያኔ በትክክል ተሠርቷል፤ ይኸውም ቲው ነው። ቲ ያስገጠምኩት የፋብሪካዋ መብራት ሴንሰር ሳይነቀል ከአዲሱ ጎን እንዲቀመጥ ነው። ይህን ያዘዙኝ ሞተሬን የሚያውቁት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። «ለምን ትቀራለች? አትበላ አትጠጣ» ነበር ያሉኝ። እኔ እንኳ ለመንቀል ነበር ያሰብኩት።

ወደ መተሃራ ልመለስ። ሰዎቹን አወረድኩ። ንፋስ አለ፣ ጥላ የለም። የፊት ወንበሩን አንስቼ ሞተሩን ከፈትኩ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ጠርጌ ብነክር ዘይቱ ሙሉ ነው። ከሥር ተኝቼ ባይ አንዲት ጠብታ የለም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ፤ ዘይት እያለ ግፊት ከሌለ ፖምፓው ሄዷል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ጥለው «ልጄ፣ ምን ሆነች?» አሉኝ። «ግፊት የላትም እማማ» አልኩ። «እኔም አለብኝ፣ ከኪኒኔ ላካፍላት?» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አንዱ ጎልማሳ ግን አላሾፈም፤ ቀብዱን አስታወሰኝ።

ሌላ መኪና ስለምን፣ ጎታች ስጠይቅ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። መካኒኩ ስልክ ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ጌጁ ዜሮ ሆነ፤ ሞተሬን ጨረስኩት።»

«ይንኳኳል?»

«ወዲያው ነው ያጠፋሁት።»

«መብራቷስ?»

«የቷ መብራት?»

«ቀይዋ ነቻ!»

አላየኋትም። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ዓይኔ ከቀስቱ አልተነሳም።

«ቁልፍ ክፈት። በራች?»

«በራች።»

«አስነሳ። ጠፋች?»

ፈራሁ፤ ግን አስነሳሁ። ጠፋች። ነዳጅ ሰጠሁ፤ አልተመለሰችም። ሞተሩ እንደ ወትሮው ነው፣ አንድ የሚያንኳኳ ነገር የለም። ቀስቱ ዜሮ ላይ እንደተኛ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ግፊት ባይኖር አትጠፋም ነበር። ሽቦህን ፈልግ» ብለው ዘጉት።

ፈለግኩ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የዶልፊን ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ዘይት ለማየት ወንበሩን ማንሳት ግድ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ የሴንሰሩን ሽቦ በዚያ በሚከፈተው ክዳን ጠርዝ ሥር አሳልፎታል። ጠዋት ከአዲስ አበባ ስነሳ ዘይት አይቼ ክዳኑን ስደፍነው ጨፍልቄዋለሁ፤ ጎማዋ ተልጦ መዳቡ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። ሽቦው ማሳ (የመኪናዋን ብረት) ሲነካ ጌጁ ዜሮ ኦም ያነባል፣ ዜሮ ኦም ደግሞ ለእሱ ዜሮ ግፊት ነው። በፕላስተር ጠቅልዬ ስለያያቸው ቀስቱ ተነስቶ ሦስት ላይ ቆመ፤ ምንም እንዳላደረገ። ሰዎቹ ማታ ቁልቢ ሲደርሱ ከእኔ ጋር የተሰነባበቱት በጥቅሻ ነው።

ስለዚህ ለወራት ይህን ዕቃ ለጠየቀኝ ሁሉ «አትግዛ» ስል ነበር። እውነትን የሚናገር ዕቃ አንዴ ከዋሸህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዜሮ ሲል ታጠፋለህ ወይስ ሽቦ ነው ትላለህ? የአክስቴ ልጅን የበላው ይኸው ነገር አይደል፤ እሱ መብራቷን አላመናትም። ቢያንስ መብራቷ አልዋሸችውም ነበር።

ከዚያ መጋቢት መጣ። ዘይት የምገዛበት ሱቅ ተዘግቶ ስለነበር ሌላ ቦታ ያንኑ 15/40 የሚባል ዘይት፣ ያንኑ ጀሪካን ገዛሁ። ክዳኑ እሽግ ነው። ለውጬ ስነዳ ጠዋት ምንም አይልም። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ግን በለመድኩት ፍጥነት፣ በለመድኩት ማርሽ፣ ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከሁለትም ወረደ፤ በሚኒሞ ግማሽ ባር። መጀመሪያ ሽቦዬን አየሁ፣ እንግዲህ ተምሬያለሁ። ሽቦው ደህና ነው። መካኒኩ ዘንጉን አውጥተው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው መሐል አሽተው አሸተቱና «ይሄ ውኃ ነው» አሉ። ተደፋ። ፊልትሮውም ተቀየረ። በአዲሱ ዘይት ሦስት ተመለሰ፤ በሚኒሞም አንድ።

ያን ጊዜ ቀይዋ መብራት አንዴም አልበራችም። ከግማሽ ባር በታች እስኪወርድ ትጠብቅ ነበርና። ያን ዘይት ይዤ ከአዋሽ ሙቀት ወደ አሰበ ተፈሪ ዳገት ብወጣ ምን ይሆን እንደነበር አላስብም።

አሁን ሽቦው ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ያልፋል። ወንበሩን ከእኔ በቀር የሚያነሳ የለም፤ ረዳቴም ተከልክሏል። ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለጌጁ ሦስት፣ ለቲው አምስት፣ ለነጋዴው ምንም። ኤሌክትሪሺያኑ ወዳጄ ስለሆነ ይለፈው።

ትናንት የዚያን ቀኗ እናት ደወሉ፤ ለሐምሌ 19 ቁልቢ እንደገና ይዘውኛል። ዋጋ ከተስማማን በኋላ «ያ የሚያስደነግጥህ ሰዓት ተነቀለ?» አሉኝ።

«አልነቀልኩትም እማማ። ሞተሬን አድኖልኛል።»

ትንሽ ዝም አሉና «በል እንግዲያው መተሃራ ስንደርስ ጨርቅ ጣልበት» አሉ።