በበርሜል ውስጥ ብቻ የተሞከረ የጀልባ ሞተር አትግዙ

የተታለልነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ወቅቱን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ዓሣ ይፈለጋል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ጀልባ አለን፣ መረብ አለን። ሞተራችን ግን በገና ሰሞን ሞቶብናል። ስለዚህ ቸኩለን ነበር። ሻጩም መቸኮላችንን ገና በመጀመሪያው ስልክ አውቆታል።

የሻጩን ስም አልጠራም። ጉዳያችን በሽማግሌ እየታየ ነው፣ እዚያው ይለቅ። እዚህ የምጽፈው ዘዴውን ነው። ዘዴው እኛ ላይ ብቻ የተሠራ አይመስለኝም፤ ነገ ሌላው ላይም ይሠራል።

ሞተሩ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ ነው። ዋጋው 180 ሺህ ብር፣ ቀብዱ 30 ሺህ። የፋብሪካው ስም ጥሩ ነው፣ ጥፋቱም የፋብሪካው አይደለም። ደላላው ሲያወራን «ይሄ የገዳም ጀልባ ላይ የነበረ ነው፤ በወር አንዴ እህልና ዘይት ያመላለሰ እንደሆነ ነው፤ ከጣና ውጭ ውሃ አያውቅም» አለን። እውነቱን ልናገር፣ «ገዳም» የሚለውን ቃል ስሰማ ልቤ ረጋ። መነኮሳት የያዙት ዕቃ አይጎሳቆልም ብዬ አሰብኩ። የትኛው ገዳም እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

የወሰዱን አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ውሃ የተሞላ በርሜል አለ፣ ሞተሩ ጠርዙ ላይ ታስሯል። ሻጩ ገመዱን ሳበ፣ በሁለተኛው ተነሳ። ከጎኑ ውሃው ቀጥ ብሎ እየተረጨ ወጣ። «ድምፁን ስማው፣ ንብ እኮ ነው» አለኝ። ወንድሜ ደስ ብሎት አየኝ። ሐይቁ ላይ እንሞክረው ስንለው «ቤንዚን ከየት ይመጣል፣ ሰልፉን እያያችሁት» አለ። ሰልፉን እውነት ነው እያየነው ነበር። ዝም አልን።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከመነሳቱ በፊት ክዳኑን ለማንሳት ስረዳው እጄ የሞተሩን ራስ ነካ። ሞቅ ይል ነበር። እኛ ሳንደርስ አስነስተውት ነበር ማለት ነው። አስተዋልኩት፣ ግን አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሄደ። ጀልባው ባዶ ሲሆን ደህና ነው፣ ዓሣ ሲጫን ይንፏቀቃል። ለሻጩ ደወልን። «ከፍታው ነው ወንድሜ፣ ጣና ላይ ማንኛውም ሞተር ይደክማል» አለን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በባሕር ወለል ከፍታ 15 የሆነው እኛ ጋ ሲደርስ 12 ቢሆን ነው። ግን የድሮው ሞተራችንም 15 ነበር፣ የሠራውም እዚሁ ሐይቅ ላይ ነው፤ እንዲህ አልደከመም። ይህን ማሰብ ነበረብን።

ሁለተኛ ስንደውል «እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ዘግቶባችሁ ይሆናል» አለ። ይህም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሥሩ መሳቢያው ላይ ሲጠመጠም ሞተር ይግላል። አወጣነው፣ አየነው፣ መሳቢያው ንጹሕ ነው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ማታ በዘጌ አቅጣጫ መረብ ጥለን ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሄደን አነሳን። ጥሩ ቆሮሶ ነበር፣ ጥቂት አምባዛም አለበት። ስንመለስ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። ከጎኑ የሚወጣውን ውሃ በጣቴ ነካሁት፤ አቃጠለኝ። ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ ራሱ ቆመ። ገመዱን ብስብ አልሳብ አለ።

ጣና ጠዋት ላይ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። ከሰዓት ግን ነፋሱ ይነሳል። ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ለዚህ ነው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ የሚሆነው፤ ለጀልባ ፋታ አይሰጥም። ለሁለት ሰው አንድ መቅዘፊያ፣ አንድ ላይፍ ጃኬት ነበረን። ጃኬቱን ወንድሜ ይልበስ ብዬ ተጨቃጨቅን። ሰባት ሰዓት ላይ ውሃው ከጎን መግባት ጀመረ፣ ዓሣውን በያዝነው ሳፋ እየቀዳን አወጣን። ያዳነን በታንኳ እንጨት ጭኖ ያልፍ የነበረ አባት ነው። እሱ ሊጎትተን አይችልም፣ ግን ወደ ዳር ቀዝፎ ሄዶ ለባለሞተር ጀልባ ተናገረልን። እግዜር ይስጠው። ዓሣው ግን በፀሐይ ተበላሽቶ ነበር፣ አንዱንም አልሸጥነው።

አሁን ወደ ሞተሩ ልመለስ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ሞተር በመፍታት ያረጁ አንድ መካኒክ አሉን፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተላቅቆ ነበርና ካንዴላዎቹን አውጥተው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየር የሚያምቅበትን ግፊት፣ ለኩ። አንዱ ሲሊንደር 95፣ ሌላው 60። ምንም አላሉም። ቀጥለው የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን የቴርሞስታቱን ክዳን ፈቱ። ብሎኖቹ እንቢ ብለው አንዱ ተቆረጠ። ክዳኑ ሲነሳ የውሃው መተላለፊያ በነጭ ቅርፊት ተሞልቷል፣ በቀጭን ካቻቢቴ ካልሆነ የሚያልፍ ቀዳዳ የለም። ጋሼ በካቻቢቴው ጫፍ ፋቅ አድርገው «ቅመሰው» አሉኝ። በምላሴ ነካሁት። ጨው ነው።

የጣና ውሃ ጨው የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ብታፈላው ይህን ጨው አያወጣም። ሞተሩ የባሕር ሞተር ነው ማለት ነው። ዓመታት ባሕር ላይ ሠርቶ፣ በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ደርቆ፣ ጨው አሉሚኒየሙን በልቶ፣ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ መጣ። የባሕር ሞተር ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃ የታጠበ ሞተር ብዙ ዓመት ይሠራል። ያልታጠበ ግን ከውስጥ ይታፈናል። ውሃው በጎን ሲረጭ ማየታችን ፓምፑ መሥራቱን ብቻ ነው የነገረን፤ ሲሊንደሩ ዙሪያ ውሃ መድረሱን አልነገረንም። በርሜል ውስጥ ደግሞ ሞተሩ ጭነት የለውም። ጭነት ከሌለው ብዙ አይግልም፣ ካልጋለ ምንም ጉድ አይታይም።

ፒስተኑ ሲወጣ ጎኑ ተፋፍቋል። ፍቀቱ ላይ ጥቀርሻ ተጋግሯል። ጋሼ ያሳዩኝ ይህን ነው፤ ፍቀቱ የእኛ ቢሆን ኖሮ እንደ አዲስ ብረት ያበራ ነበር። ጥቀርሻ ከያዘ የቆየ ነው። ከዚህ በፊትም ግሎ ያውቃል።

የታችኛው ካምቢዮ ዘይትም ሲፈስ እንደ ማኪያቶ ነጣ ብሎ ወረደ። ውሃ ገብቶበታል። በግዢው ቀን ግን ብሎኑን ፈተን አይተን ነበር፣ ዘይቱ ንጹሕ ነበር! ጠዋቱን ተቀይሮ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ምክሬ። ምርመራውን ሁሉ ሐይቅ ላይ ከሚደረገው የሙከራ ጉዞ በኋላ አድርጉት። ከጉዞው በፊት የምታዩት ሻጩ ያዘጋጀላችሁን ነው። አዲስ ዘይት ገና ውሃ አልነካውም። ሲሊንደር ውስጥ ወፍራም ዘይት ጠብ ከተደረገ ኮምፕሬሽን ለጊዜው ከፍ ብሎ ይታያል። ግማሽ ሰዓት ሐይቅ ላይ ጭነት ይዞ ሲሮጥ ግን ይህ ሁሉ ይገለጣል።

ስለዚህ ስትሄዱ የራሳችሁን ቤንዚን ከዘይት ደባልቃችሁ ያዙ፣ «ቤንዚን የለም» የሚለው ሰበብ እንዳይኖር። ለብዙዎቹ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ድብልቁ 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፣ የሞተሩን መመሪያ ግን እዩ። ጀልባ ተከራዩ፤ ለአንድ ጠዋት የምትከፍሉት ኪራይ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ፣ ማንም ገመድ ሳይስብ፣ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብላችሁ ውጡ። ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ ማየት አለባችሁ።

ሐይቁ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ወይም የአሸዋ ጆንያ ጫኑ። አሥር ደቂቃ ያህል በሙሉ ጉልበት ንዱት። ከጎኑ የሚወጣውን ውሃ በየጊዜው በጣት ንኩት። ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ ካቃጠለ ግን አጥፉትና ግዢውን ተዉት። ስትመለሱ የታችኛውን ብሎን ፍቱ። ዘይቱ ከነጣ ውሃ ያስገባል። ጊዜ ካላችሁ ሞተሩ ቆሞ ይደርና ጠዋት ፍቱት፤ ውሃ ካለ ታች ተኝቶ ቀድሞ ይወርዳል።

ኮምፕሬሽን ስትለኩ ሁለቱንም ካንዴላ አውጡ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ የመለኪያው መርፌ መጨመር እስኪያቆም ገመዱን ሳቡ። አንድ ነገር አትርሱ፦ በእኛ ከፍታ ቁጥሩ መጽሐፍ ላይ ካለው ያንሳል። ሻጭም ይህን ሊነግራችሁ ይችላል፣ ልክ ነው። የምታወዳድሩት ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሁለቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ነው። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ። የእኛ 95 እና 60 ከፍታ አያመጣውም። ከፍታ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያደክመው።

ጨውን ለማወቅ የቴርሞስታት ክዳኑ ቢፈታ ጥሩ ነው። ሻጩ አልፈታም ካለ ብሎኖቹን እዩ። የእኛ ሞተር ብሎኖች ራስ ላይ ሳይቀር አዲስ ቀለም ነበረበት፣ ዙሪያቸው ነጭ ዱቄት ነበር። ታች የምትታሰረዋን፣ ጨው በሞተሩ ፈንታ እንዲበላት የተሠራችውን የዚንክ ቁራጭም ተመልከቱ። ተበልታ ካለቀች፣ ወይም በአሮጌ ሞተር ላይ አዲስ ከሆነች፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ወረቀትም አለ። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ላይ ያለውን ቁጥር ሞተሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ምንም አትከራከሩ፣ ሂዱ።

ስለ ውል ደግሞ ይህን እወቁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢ ግን ጉድለቱን እንዳየ ቶሎ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። እኛ በስልክ ብቻ ነው የነገርነው፣ አሁን ሽማግሌዎቹ ፊት «አልሰማሁም» ይላል። በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት አሳውቁ። ውላችሁም ላይ ሻጩ በቃል ያለውን ሁሉ አስጽፉ። «ከጣና ውጭ ሠርቶ አያውቅም» ካለ ይጻፍ። የእኛ ውል የሚለው «ያገለገለ ሞተር ባለበት ሁኔታ» ብቻ ነው። ያቺን ሐረግ ሳናነብ ፈረምን።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ገዝቻለሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ ሞተር ልትገዙ ስታስቡ እዚህ ጻፉልኝ፣ አውሳችኋለሁ። ከመረብ ስመለስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ አብሬያችሁ ሄጄ እለካላችኋለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ቤንዚኑን ግን ይዛችሁ ኑ።