የ1796ቱ ወይስ የ1908ቱ? ሁለት የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጎራዴዎች

የድሮ የፈረሰኛ ጎራዴ መሰብሰብ የጀመረ ሰው እነዚህን ሁለቱን ማግኘቱ አይቀርም። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1796ቱ የቀላል ፈረሰኛ (በፈጣን ፈረስ የሚዋጋ ቀለል ያለ ጦር) ጎራዴ እንደ እኛው ጎራዴ ቆልመም ያለ ነው። ያስነደፈው ጆን ጋስፓርድ ለ ማርሻንት የተባለ መኮንን ነው። ስለቱ 83 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ጫፉ ይሰፋል። ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አልታሰበም። በ1815 ናፖሊዮን በተሸነፈበት የዋተርሉ ጦርነት ላይ ውሏል፤ ፕሩሲያኖችም (የያኔዎቹ የሰሜን ጀርመን ሰዎች) ወደውት አስመስለው ሠርተውታል።

የ1908ቱ ሌላ ነገር ነው። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ 89 ሳንቲ ሜትር ያህል። እጅን የሚሸፍን ጎድጓዳ የብረት መከላከያ አለው፤ እጀታው ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ማረፊያ። ሥራው መውጋት ነው። እንዲያውም ሰይፍ ቢባል ይሻላል። የሚያስቀው፣ እንዲህ ተጠብበው የሠሩት መትረየስ ፈረሰኛውን ከሜዳ ሊያስወጣው ሲል ነው።

እኔን ብትሉኝ የ1796ቱን። ለጀማሪ ግን የ1908ቱ ይቀላል፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ብዙም ያልተጎዳ ይገኛል። የ1796ቱን ስትገዙ የስለቱን ጀርባ በባትሪ እዩት፤ አንዳንዴ የሠሪው ስም ተቀርጾበታል። ሻጩ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መስታወት ካስመሰለው ተዉት፤ ጽሑፉም አብሮ ሄዷል።