የቶማስ ቼኮን ሁለት ወርቆች፦ ቡዳፔስት 2022 ወይስ ፓሪስ 2024?

በ100 ሜትር የጀርባ ዋና በሰዓት ከተመዘነ የጣሊያናዊው የቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ድል ይበልጣል። በ51.60 ሰከንድ ገብቶ የአሜሪካዊውን የራያን መርፊን 51.85 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ25.14፣ መልሱን በ26.46 ዋኘ፤ ብዙ ዋናተኛ እግሩ የሚዝለው ግን በዚሁ መልስ ላይ ነው።

የፓሪስ ኦሎምፒኩ 52.00 ደከም ያለ ይመስላል። ገንዳው ግን 2.15 ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚጠልቀው፤ ጥልቀት ሲያንስ ደግሞ ሞገዱ ከወለሉ ነጥሮ ዋናተኛውን ያውከዋል ይባላል። ቻይናዊው ሹ ጂያዩ በ52.32፣ መርፊ በ52.39 ተከትለውት ገቡ። ክብረ ወሰን ሌላ ሰው ይሰብረዋል፣ የኦሎምፒክ ወርቅን ግን የሚቀማ የለምና ፓሪስ ይሻላል። በ200 ሜትር ግን እዚያው ፓሪስ ከግማሽ ፍጻሜ አላለፈም።