የግቢያችን ባለፔዳል እጅ መታጠቢያ፦ ከአምስት ዓመት በላይ ተጠቅመንበት

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ያ በእግር የሚረገጠው እጅ መታጠቢያችሁ አሁንም ይሠራል? እኛም ለግቢያችን ልናሠራ አስበናል» አለችኝ። አዎ፣ ይሠራል። ግን ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ዕቃው ቀላል ነው። መቆሚያው በቱቦላሬ የተበየደ ነው። ላዩ ላይ 100 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ይቀመጣል። ከታች ሁለት ፔዳል አለው። የቀኙን ስትረግጡ ውሃ ይወርዳል፣ የግራውን ስትረግጡ ፈሳሽ ሳሙና። እግራችሁን ስታነሱ ሞላው ፔዳሉን ይመልሰዋል፣ ውሃውም ይቆማል። እጣቢው በላሜራ ሳፋ ተቀብሎ በቱቦ ወደ ባልዲ ይገባል። ደሴ፣ ከአራዳ ወረድ ብሎ ያለ አንድ በያጅ በ3,500 ብር ሠራልን። ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ነበር።

ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት ምክር ይነገረናል። ታጠቡ፣ ራቁ፣ ከቤት አትውጡ። ምክሩ ትክክል ነበር። ሳሙና ቫይረሱን የሸፈነውን የስብ ልባስ ያፈርሰዋል፤ ለዚህ ነው 20 ሰከንድ እሹ የሚባለው። እኔም ከልቤ አምኜ ለመፈጸም ተነሳሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሲንጀሬ ቤቴ ውስጥ ናት። ከቤት አትውጡ ሲባል ወንበሬን ከመስኮቱ አስጠግቼ ማስክ መስፋት ጀመርኩ። ገቢዬ እንዲያውም ጨመረ። ግቢያችን ውስጥ ግን ሰባት ቤተሰብ አለ፤ 31 ሰው። ቧንቧ አንድ፣ ሽንት ቤት አንድ። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ደህና ሳምንት ከሆነ አንድ ቀን ይመጣል፣ እሱም ሌሊት።

ከጓሮ ያለችው ጎረቤታችን ልብስ አጣቢ ናት። አራት ልጆች አሏት። በየቀኑ ትወጣ ነበር። ሥራ አግኝታም ሳታገኝም ትመለሳለች፤ ብዙ ቤት በሩን ዘግቶባት ነበርና። ልጆቿም እጃቸውን ሳይታጠቡ የግቢውን በር ይነካካሉ። እኔ ተናደድኩ። አንድ ማታ ሄጄ፣ «እትዬ፣ እየሰማሽ አይደለም እንዴ የሚባለውን? ለልጆችሽ እንኳ አታዝኚም?» አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ሁለት ቢጫ ጀሪካን አሳየችኝ። «ይሄ ለመጠጥና ለወጥ ነው። ይሄ ለዕቃና ለሽንት ቤት። ሰኞ የሞላሁት ነው፤ ፈረቃው እስኪደርስ በዚሁ ነኝ። ለእጅ የቱን ልቀንስ፣ ልጄ? አንቺው ንገሪኝ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ደግሞ ቤት ከዋልኩ ምን ይቅመሱ?» አለች ቀስ ብላ። ለዚህም አልነበረኝም።

እሷ ምክሩን ከእኔ እኩል ታውቀው ነበር። ልጆቿ ዘፈን አድርገውት ሲያዜሙት እሰማለሁ። የጎደላት ጀሪካን ነበር። ይህን ለመረዳት ደጃፏ ድረስ ሄጄ መሳደብ አልነበረብኝም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በያጁን ያሰብነው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳቡን ቁጭ ብለን ሠራን። በማንቆርቆሪያ ሲታጠቡ አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ይታጠባል፤ ውሃው ሳሙናው እየታሸም ይፈሳል። በፔዳሉ ግን እጃችሁን ታረጥባላችሁ፣ እግር ታነሳላችሁ፣ 20 ሰከንድ ታሻላችሁ፣ ከዚያ ታለቀልቃላችሁ። ለካሁት። አንድ ሰው በግማሽ ሊትር በደንብ ይታጠባል። አንድ ጀሪካን 40 ጊዜ ያስታጥባል ማለት ነው። 31 ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ቢታጠብ 93 ሊትር ነው፣ አምስት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። በቀን አምስት ጀሪካን ለአንድ ቤት ብቻውን አይቻልም። ለሰባት ቤት ሲካፈል ግን ይቻላል። ለእኔ የዚህ ዕቃ ዋናው ጥቅም ይህ ነው።

መዋጮው እኩል አልነበረም። አራታችን 700፣ ሁለት ቤት 350 ከፈልን። ልብስ አጣቢዋን አንጠይቅሽም አልናት። እሷ ግን፣ «ውሃ በመጣ ቀን በርሜሉን እኔ እሞላለሁ» አለች። ውሃው የሚመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። በደሴ ብርድ ተነስታ ትሞላለች፣ ከዚያ ትንሽ ተኝታ ለሥራ ትወጣለች። ዛሬ ሳስበው ከሁላችንም በላይ የከፈለችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ትልቁን በሁለተኛው ቀን አየነው። በሩ አጠገብ ያሉት ጫማ ሰፊ አባታችን በክራንች ነው የሚሄዱት። አንድ እግር ለመቆም፣ አንድ እግር ለፔዳል ያስፈልጋል። እሳቸው ያላቸው አንድ ነው። ክራንቻቸውን ይዘው ቆመው ዕቃውን ሲያዩት አየኋቸው። «ለእናንተ ጥሩ ነው» ብለው ሊመለሱ ሲሉ አንጀቴ ተላወሰ። ሁላችንም ስናሠራ አንዳችን እንኳ አላሰብናቸውም። ልጆቹ ፔዳሉ ላይ ገመድ አስረው በክርናቸው እንዲስቡት አደረጉ። አሁንም የሚጠቀሙት በእሱ ነው፤ ነፍሰ ጡርም፣ ትንሽ ልጅም ገመዱን ይመርጣል።

ሞላው በሦስተኛው ወር ተበጠሰ። በያጁ ያለ ክፍያ ቀየረልን፣ እግዜር ይስጠው። ቀለሙ ግን አንድ ክረምት ብቻ ነው የቻለው፤ ሳፋው ዝጓል፣ በ2014 አዲስ ላሜራ አስለጥፈናል። የሳሙናው ቀዳዳ ቶሎ ይደፈናል። የዱቄት ሳሙና በደንብ ካልሟሟ ጨርሶ አይወርድም። እኛ በመጨረሻ የሳሙናውን ፔዳል ትተን፣ ክዳኑን በምስማር የበሳነው ሃይላንድ ሰቅለናል። በኅዳር ጠዋት ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ልጆች ጫፍ ጫፉን ነክረው ይሮጣሉ። ለዚህ መፍትሔ አላገኘሁም።

ዕቃው የማይፈታውንም ልናገር። ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ስድስት ሰው የሚያድርበት ቤት፣ «ተራራቁ» የተባለው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ከየት ይመጣል? አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው በአንድ ማስክ ይወጣ ነበር። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ትሰቀላለች፤ ባጃጅ የሚሳፈረው ይወስዳታል፣ ሲመለስ ለቀጣዩ። ይህን ሳይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለእያንዳንዳቸው ሰፋሁላቸው።

ከሳዑዲ የተመለሰች የጎረቤት ልጅም ነበረች። የለይቶ ማቆያ ቀኗን ጨርሳ ነው የመጣችው። ግን እናቷ ጀበና ቡና ነው የምትሸጠው፣ «የልጅቷ እናት» ተብሎ ሰው ቡናውን ተወ። በኋላ ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ስታስል፣ እናቷ አፏን በነጠላ እያፈነች ለሦስት ቀን ደበቀቻት። በኮሮና ጥሪ ቁጥሩ፣ በ8335 ደውይ ብላት፣ «አምቡላንስ በራችን ከቆመ ማን ይጠጣልኛል?» አለችኝ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይወስዷታል ብላም ፈራች። ፍርሃቷ ስለ ሆስፒታሉ አልነበረም፤ ከሕክምና በኋላ ስለሚጠብቃት ባዶ በርጩማ ነበር። ለዚያ ሳምንት ቡናዋን እኛው በየተራ ጠጣንላት፤ አቦሉንም በረካውንም። ከዚያ ራሷ ወስዳ አስመረመረቻት። ነጻ ነበረች።

በ2013 ክረምት ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ሲገቡ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። እኛም ግቢ ሁለት ቤተሰብ ተጠግቶ ነበር። በርሜሉ በቀን ሁለቴ የሚሞላበት ጊዜ ሆነ። የኮሮናው ወሬ ቀዝቅዞ ነበር፤ አተት ግን ያሰጋን ነበር። መታጠቢያው ቆሞ አላደረም።

ለጓደኛዬ የምመክራት ይህን ነው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አሠሩት። ዋጋው ዛሬ ከእኛው ጊዜ በብዙ ይወደዳልና ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳፋው ከላሜራ ይልቅ ፕላስቲክ ይሁን። ሞላ አንድ መጠባበቂያ ተቀበሉት። መዋጮ ስትሰበስቡ ማን ስንት ጀሪካን እንዳለው መጀመሪያ ዞራችሁ እዩ። ሌሊት የሚሞላውንም በተራ አድርጉት፤ እኛ ወደ ተራ የገባነው በዓመቱ ነው፣ ዘግይተናል። በያጁ ደግሞ የመሳቢያውን ገመድ ከመጀመሪያው እንዲያስገጥምላችሁ ንገሩት፤ ከፔዳሉ ጋር አብሮ፣ በክርን ቁመት።