የሰደፍ ላስቲክ ብለው የነጠላ ጫማ ሶል ይሸጣሉ

በሱሉልታ መንገድ ዳር ማንገቻና የጥይት ቀበቶ በትእዛዝ የሚሠሩ የቆዳ ሱቆች ደንበኛን እንዴት እንደሚቀበሉ ታውቃላችሁ፤ ወንበር ይቀርባል፣ ቡና ይታዘዛል፣ «ለእህታችንማ ልዩ ዋጋ ነው» ይባላል። እኔንም በዚሁ ወግ ተቀብለው፣ ከአባቴ ወርሼ በስሜ ፈቃድ ላወጣሁለት ባለ 12 ካሊበር ሾትገን «ምቱን ጨርሶ የሚያጠፋ የውጭ ላስቲክ» ያሉትን፣ ሰደፉ ላይ የሚጠለቅ የቆዳ ልባስ በ4,500 ብር ሸጡልኝ።

ቁመቱ አጭር፣ ትከሻውም ጠባብ ለሆነ ተኳሽ የሰደፍ ምት ቀላል ጉዳይ አይደለም። 28 ግራም እርሳስ በሰከንድ ወደ 400 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ከአፈሙዙ ሲወጣ፣ ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን መሣሪያ በሰከንድ ከሦስት ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ይገፋዋል። የእውነተኛ ላስቲክ ሥራ እየታመቀ ይህን ግፊት ማለዘብና በትከሻ ላይ ማሰራጨት ነው። የሸጡልኝ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ውፍረት ስላለው፣ ድሮም ለእጄ የረዘመውን ሰደፍ ይበልጥ አስረዘመው፤ ሰደፉ ከትከሻዬ ጉድጓድ ወጥቶ ክንዴ አናት ላይ አረፈ፣ ጉንጬም ከእንጨቱ ራቀ፤ ተኩሼ ስጨርስ ክንዴ በልዞ እጄን ማንሣት ተስኖኝ ነበር። ስገዛ «ይህ ሰደፉን አያስረዝመውም?» ብዬ ጠይቄ፣ «ወፍራም ሲሆን ነው የሚመቸው» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል።

ዛሬ ጠዋት ዕቃውን ይዤ ስመለስ ሻጩ ከወንበሩ አልተነሣም። ላስቲኩ እንደማይታመቅ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ሳሳየው፣ አጠገቡ ወደ ተቀመጡት ወጣቶች ዞሮ «ትከሻ ለሌላት ሴት እኔ ትከሻ አልሸጥም» አለ፤ እነርሱም ሳቁ። ስፌቱን ራሱ እንዲፈታው ብጠይቀው እምቢ ስላለ፣ ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አንሥቼ ፊት ለፊቱ ፈታሁት። ከቆዳው ሥር የወጣው ተደራርቦ በማስቲሽ የተጣበቀ የነጠላ ጫማ ሶል ነበር፤ ማሰሪያው የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ አልተደፈነም፣ 41 ቁጥር መሆኑም በግልጽ ይነበባል። ሻጩ አላፈረም፣ አልደነገጠምም። ሶሉን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠውና «ታዲያ ይህስ ላስቲክ አይደለም?» ካለ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በአገጩ አመለከተኝ። የገንዘቡ ነገር ያናድደኛል፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሰው እንደሚጎዳበት እያወቀ የሸጠውን ዕቃ ጥፋት በእኔ ሰውነት ማሳበቡ ነው።

ያ ጽሑፍ ሕግን አይሽርም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ስለሚችል፣ እኔም ነገ ደረሰኜንና የተፈታውን ልባስ ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ። እናንተም ሰውነታችሁ አነስተኛ ከሆነ ምንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት የሰደፉን ርዝመት በክንዳችሁ አስለኩ፤ 24 ግራም እርሳስ የሚጭኑ ቀለል ያሉ ጥይቶችም ምቱን ይቀንሳሉ። በቆዳ ተሸፍኖ ለተሰፋ ላስቲክ ግን ውስጡን ሳታዩ አንድ ብር እንዳትከፍሉ።